ከቆሽት ናሙና ስንወስድ የትኛው አሳሳብ ይሻላል? ስሪንጅ ከምይዘው የተሰጠ ጥቆማ

በኢንዶስኮፒ አልትራሳውንድ (በአፍ በሚገባ፣ ጫፉ ላይ አልትራሳውንድ ባለው ቱቦ) ከቆሽት ናሙና መውሰድ የጀመራችሁ፣ ስሎው ፑል (ቀስ ብሎ መሳብ) ይሻላል ወይስ በስሪንጅ መሳብ ለምትሉት የእኔን ልበል። ሐኪም አይደለሁም። እዚህ አሜሪካ መርፌው ዕጢው ውስጥ ሲገባ ስታይሌቱን (መርፌው ውስጥ ያለውን ቀጭን ሽቦ) እና ስሪንጁን የምይዘው ነርስ ነኝ።

ለመጀመሪያው ዙር ስሎው ፑልን እመርጣለሁ። ሐኪሙ መርፌውን ወደፊት ወደኋላ ሲያደርግ እኛ ውስጡ ያለውን ቀጭን ሽቦ ቀስ እያልን እንስባለን። የመሳብ ኃይሉ ትንሽ ስለሆነ ደም ብዙ አይገባም። ደም የሚበዛበት ዕጢ ከሆነ፣ ለምሳሌ ኒውሮኢንዶክራይን (ሆርሞን ከሚያመነጩ ሴሎች የሚነሳ ዕጢ) ከተጠረጠረ፣ እኔ እዚሁ ላይ ብንቆይ ደስ ይለኛል። ብቻ እጃችሁ አይፍጠን።

ድራይ ሰክሽን (በደረቁ በስሪንጅ መሳብ) ሁላችንም የለመድነው ነው። ስታይሌቱ ይወጣል፣ ተስቦ የተቆለፈ 10 ሚሊ ስሪንጅ ይገጠማል፣ ይከፈታል። የአውሮፓ የጨጓራና አንጀት ኢንዶስኮፒ ማኅበርም በ2017 መመሪያው የጠቆመው የ10 ሚሊ ስሪንጅ ነው። መርፌው ከዕጢው ሳይወጣ የቀረውን የስሪንጁን የመሳብ ኃይል ልቀቁ፣ ይሄንንም መመሪያው ይላል። ካልለቀቃችሁ መርፌው በመውጫው ላይ የጨጓራውን ወይም የአንጀቱን ግድግዳ ሴል እየሳበ ይመጣና ናሙናውን በማይክሮስኮፕ የሚመረምረውን ሐኪም (ፓቶሎጂስቱን) ያስቸግራል።

በስሪንጅ ከሚሳቡት ግን እኔ የማደላው ለዌት ሰክሽን (በእርጥቡ መሳብ) ነው። ስታይሌቱን አስቀድማችሁ አውጡ፣ ጫፉ ላይ ጠብታ እስኪታይ በመርፌው ውስጥ ሳላይን (የጨው ውሃ) አሳልፉ፣ ከዚያ ስሪንጁን ግጠሙ። አየር ይለጠጣል፣ ውሃ አይለጠጥም፤ ስለዚህ ስሪንጁ የሚስበው ሳይባክን ጫፉ ጋ ይደርሳል። በ2015 የወጣ አንድ ጥናት በ22 ጌጅ መርፌ (ጌጅ የመርፌ ውፍረት መለኪያ ነው፣ ቁጥሩ ሲጨምር መርፌው ይቀጥናል) ሁለቱን አወዳድሮ፣ በቂ ናሙና የተገኘው በእርጥቡ 85.5 በመቶ፣ በደረቁ 75.2 በመቶ ነበር። የደሙ መጠን ደግሞ አልተለያየም። የቆሽት ካንሰር እንደ ጠባሳ የደረቀ ሥጋ ስለሚበዛበት ይሄ ልዩነት ቀላል አይደለም።

አንድ አባት ትዝ ይሉኛል። ሦስቴ ገብተን ሦስቴም በአንድ ዘዴ ሳብን፣ የወጣው ትንሽ ነበር፣ ይበቃል ብለን ላክነው። "በቂ ሴል የለውም" ተብሎ ተመለሰ። እሳቸው እንደገና ጾመው፣ እንደገና ማደንዘዣ ወስደው፣ እንደገና ተወጉ። ከዚያ ወዲህ የመጀመሪያው ዙር ባዶ ከመሰለኝ ዝም አልልም፣ "ዶክተር፣ በሳላይን እንሞክረው?" እላለሁ።

መርፌውም እኮ አለ፣ እንደውም ከአሳሳቡ በላይ ለውጥ ያየሁት በእሱ ነው። እንደ አኳየርና ሻርክኮር ያሉት ጫፋቸው የሚቆርጥ መርፌዎች ሴል ብቻ ሳይሆን ቁራጭ ሥጋ ያወጣሉ። አጠገባችሁ ናሙናውን ወዲያው የሚያይ ሰው ከሌለ መመሪያው በተራው መርፌ ከ3 እስከ 4፣ በእነዚህ ከ2 እስከ 3 ጊዜ ግቡ ይላል። ለቆሽት ራስ፣ ስኮፑ (ቱቦው) ዱዎደነም፣ ማለትም የትንሹ አንጀት መጀመሪያ፣ ውስጥ ስለሚታጠፍ፣ 25 ጌጁ ይቀላል። ሐኪሙም መርፌውን አንድ ቦታ ላይ ብቻ ባይደጋግም ጥሩ ነው፤ የዕጢው መሃል የሞተ ሥጋ ሊሆን ይችላል።

20 ሚሊ ስሪንጅ የምትጠቀሙ ካላችሁ፣ ደሙ እንዴት እንደሆነባችሁ ንገሩኝ።