በችሎት ፊት ቅኔና ቀልድ ይገባልን?

የመከራከሪያው ነጥብ፦ ጠበቃ ክርክሩን በቀልድና በሰምና ወርቅ ማዋዛቱ ፍትሕን ያግዛል ወይስ ይጎዳል?

ጠበቃ ከባሕር ዳር፦ ያግዛል ባይ ነኝ። በበላ ልበልሃ፣ ማለትም በጥንቱ የአደባባይ የቃል ሙግት፣ ዘመን ተሟጋቹ ማር ወይም በቅሎ እየተወራረደ፣ ነገሩን በምሳሌና በቅኔ እያዋዛ ሲሟገት፣ ዙሪያውን የቆመው ሕዝብ ሙግቱን ከመነሻው እስከ መድረሻው ይከታተል ነበር፤ ዛሬ ለተራ ጭቅጭቅ የምንጠቀምበት «እሰጥ አገባ» እንኳ የዚያ ውርርድ ቅሪት ነው። በ1958 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ ከወጣና ክርክሩ በጽሑፍ አቤቱታና መልስ ከታሰረ ወዲህ ግን ባለጉዳዩ በገዛ ነገሩ ላይ እንግዳ ሆኗል።

የሕግ መምህርት ከአዲስ አበባ፦ የተጻፈው ሕግም እኮ ያስቃል። ፈረንሳዊው የሕግ ምሁር ሬኔ ዳቪድ በፈረንሳይኛ ያረቀቁት፣ በ1952 ዓ.ም. የታወጀው የፍትሐ ብሔር ሕግ የተፀነሰ ልጅ ጥቅሙ የሚጠይቅ ሲሆን፣ በሕይወት ከተወለደና ለመኖር የሚችል ከሆነ፣ አስቀድሞ እንደ ተወለደ ይቆጥረዋል፤ በአንቀጽ 4 ደግሞ 48 ሰዓት የቆየ ሕፃን ለመኖር እንደሚችል ይቆጠራል። «በሦስተኛው ቀን ቢሞትስ፣ መኖር ይችል ነበር እንላለን?» ብለው ተማሪዎቼ ይስቃሉ፤ የሟች አባቱ ውርስ በነዚያ ሰዓታት ላይ እንደሚንጠለጠል ሳስረዳቸው ሳቁ ይቆማል።

የችሎት አስተርጓሚ፦ ጠበቃው የረሱት አንድ ሰው አለ፤ እሱም አማርኛ የማይሰማው ተከሳሽ ነው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 20 በመንግሥት ወጪ አስተርጓሚ እንዲያገኝ መብት ሰጥቶታል፤ እኔም በዚሁ መብት ምክንያት ከጎኑ እቆማለሁ። አንድ ቀን ተከራካሪው ወገን ባለ ሁለት ፍቺ ቃል ወርውሮ ችሎቱ በሳቅ ሲሞላ፣ ተከሳሹ ወደ እኔ ዞሮ «በእኔ ነው የሚስቁት?» አለኝ። ሰሙን ተርጉሜ ወርቁን ሳልጨርስ ዳኛው ወደ ሌላ ጥያቄ አለፉ። ቅኔን በሹክሹክታ፣ ያውም በግማሽ ደቂቃ፣ የሚተረጉም ካለ ይምጣና ያሳየኝ።

ጠበቃ ከባሕር ዳር፦ በወንጀል ችሎትስ እሺ፣ ልተወው። ሁለቱም ወገኖች ቋንቋውን እኩል በሚያውቁበት የድንበር ክርክር ግን አልለቅም።

የሕግ መምህርት ከአዲስ አበባ፦ እኩል ማወቃቸውንስ ማን ይመዝነዋል? አንዱ ቅኔ ቤት ያደገ፣ ሌላው ፊርማውን በጣቱ የሚያትም ቢሆንስ?