የጥንቸል ሥዕል ያለበት የፊት ክሬም

ጥያቄ፦ ጀርመን አገር የምገዛው የፊት ክሬም ማሸጊያው ላይ የጥንቸል ሥዕል አለበት። ይህ በእንስሳት ላይ እንዳልተሞከረ፣ ከእንስሳት ተዋጽኦም ነጻ እንደሆነ ያረጋግጣል?

መልስ፦ ሁለቱ ለየቅል ናቸው። የአውሮፓ ኅብረት በእንስሳት ላይ የተሞከሩ መዋቢያዎች እንዳይሸጡ እ.ኤ.አ. በ2013 ሙሉ በሙሉ ቢከለክልም፣ ማንኛውም ኩባንያ የራሱን ጥንቸል ሥሎ ሊለጥፍ ስለሚችል፣ የጥሬ ዕቃ አቅራቢዎችን ጭምር የሚከታተለውን «ሊፒንግ በኒ» (Leaping Bunny) የተባለውን የማረጋገጫ ምልክት ይፈልጉ። ያም ሆኖ ክሬሙ የንብ ሰም ወይም ከበግ ፀጉር የሚገኝ ላኖሊን ሊኖርበት ይችላል።

ሌላ መልስ፦ የከንፈር ቀለም ከሆነ ደግሞ «ሲአይ 75470» የሚለውን ቁጥር ይመልከቱ፤ ከነፍሳት የሚወጣው ካርሚን የተባለ ቀይ ቀለም ነው።

ሦስተኛ መልስ፦ «ለአካባቢ ተስማሚ» የሚለው ጽሑፍ ብቻውን ምንም አያስረዳም። ክሬሙ የፓልም ዘይት ካለበት፣ ዘይቱ ከየት እንደመጣ ኩባንያውን በጽሑፍ ይጠይቁ፤ እኔ የተድበሰበሰ መልስ ከሚሰጥ ኩባንያ አልገዛም።