ከጉድለቷ የሰጠች እናት ስጦታ ይወሰድ ወይስ ይመለስ?

ጠያቂው፦
ነገሩ እንዲህ ነው። ዲሲ አካባቢ ባለችው ቤተ ክርስቲያናችን አንዲት ነርስ እህታችን አምና ከሕክምና ቡድን ጋር ወላይታ ሶዶ ሄዳ አገልግላ መጣች። ዘንድሮም ለመመለስ ገንዘብ ስታሰባስብ ከረመች። ምግብ ተሸጠ፣ ጎፈንድሚ (በኢንተርኔት ገንዘብ ማሰባሰቢያ) ተከፈተ፣ ትንሽ ሲቀረው ቀጥ አለ። በዚህ መሃል ሌሊት ሌሊት ቢሮ የሚያጸዱ አንዲት እናት ከአምልኮ በኋላ ጠሯትና ፖስታ አስጨበጧት። በላስቲክ የታሰረ ባለ ሃያ ኖት ነው፤ ሲቆጠር 900 ዶላር ሆነ። እኚህ እናት ቤዝመንት ተጋርተው የሚኖሩ፣ አገር ቤት ላሉ ልጆች የትምህርት ቤት የሚከፍሉ ናቸው። ልጅቷ በሳምንቱ መድረክ ላይ ወጥታ «ጌታ ካልጠበቅሁት እጅ ላከልኝ» ብላ መሰከረች፤ ጉባኤው በእልልታ ቀለጠ። እኔ ግን እልል ማለት አልሆነልኝም። የኪራይ ብራቸው ቢሆንስ? እንዲህ ያለ ስጦታ ይወሰዳል ወይስ «ተባረኩ» ተብሎ ይመለሳል? ስድብ አልፈልግም፤ ጥቅስ ግን እንደልባችሁ አምጡ።

የአሌክሳንድሪያው፦
ይወሰዳል እንጂ፣ ምን ጥያቄ አለው! ኤልያስ የሰራፕታዋን መበለት የጠየቃት የመጨረሻ እፍኝ ዱቄቷን ነው፤ ያውም «መጀመሪያ ለእኔ ጋግሪ» ብሎ። መቄዶንያውያንስ? 2ኛ ቆሮንቶስ 8ን አንብቡ። እጅግ ድሆች ሆነው ሳለ «እኛንም አታስቀሩን» ብለው ጳውሎስን የለመኑት እነሱ ናቸው። ሀብታም ሲሰጥ «ተባረክ»፣ ድሃ ሲሰጥ «አቅምህን እወቅ» የምንል ከሆነ፣ ይቅርታ አድርጉልኝና ይሄ ንቀት ነው።

ጠያቂው፦
ኤልያስ እኮ ራሱ ወንዙ ደርቆበት፣ ተርቦ ነው የሄደው። የኛዋ ደሞዝተኛ ናት፣ መኪናም አላት። ለእኔ የሚቀርበው የዳዊት ታሪክ ነው። ሦስቱ ኃያላን የፍልስጥኤማውያንን ሰፈር ጥሰው ከቤተልሔም ጉድጓድ ውኃ ሲያመጡለት፣ በነፍሳቸው የቆረጡ ሰዎች ደም ነው ብሎ አልጠጣም፤ 2ኛ ሳሙኤል 23።

የአሌክሳንድሪያው፦
አልጠጣም፤ ግን «ወስዳችሁ ጉድጓዱ ውስጥ ክተቱት» አላለም። ተቀብሎ ለእግዚአብሔር አፈሰሰው። ጥቅሱ ለእኔ ነው የሚመሰክረው፣ ወንድሜ።

የሂሳብ ሰው፦
ጥቅሱን ለእናንተ ትቼ ስለ ብሩ ላውራ። ልጅቷ በራሷ ስም ከተቀበለችው፣ በአሜሪካ የግብር ሕግ ለግለሰብ የተሰጠ ስጦታ ነው፤ ሰጪዋ ከግብር አያስቀንሱበትም። በቤተ ክርስቲያኗ በኩል ሲገባና በገንዘቡ ላይ የምታዘው ቤተ ክርስቲያኗ ስትሆን ግን ደረሰኝ ይቆረጥለታል፤ ልጅቷ ታማ ብትቀር እንኳ ለዚያው አገልግሎት ይውላል። ጎፈንድሚ ደግሞ ከእያንዳንዱ ልገሳ 2.9 በመቶና 30 ሳንቲም ይቆርጣል። እትዬ በፖስታ በመስጠታቸው 26 ዶላር ገደማ አትርፈዋል። አንድ ጥያቄ ግን አለኝ፦ ገንዘቡ ባይሞላ ምን እንደሚደረግ መጀመሪያ ላይ በጽሑፍ ተነግሯል? ይሄን ያልጻፈ ኮሚቴ ስንት ጠብ አስነስቷል።

በእምነት ብቻ፦
ችግሩ የጀመረው ጎፈንድሚው ሲከፈት ነው። ጆርጅ ሙለር በእንግሊዝ አገር በብሪስቶል እነዚያን ሁሉ ወላጅ አልባ ልጆች ሲያሳድግ አንድም ሰው አልለመነም፤ ጓዳ ዘግቶ ጸለየ፣ በቃ። ጌታ ከላካት ትኬቱን እሱ ይቆርጣል።

የሂሳብ ሰው፦
ሙለር በየጊዜው ሪፖርት ያሳትም እንደነበርም ጨምርበት እንጂ። ሰው ያን እያነበበ ነው የሚልክለት። እጁን አልዘረጋም፣ ጉዳዩ ግን ተሰምቶ ነበር።

እኔም አጸዳለሁ፦
ሁላችሁም ስለ ሴትየዋ ታወራላችሁ፤ ሴትየዋን የጠየቀ አለ? እኔም ማታ ማታ ቢሮ ነው የማጸዳው። ጥገኝነት ከጠየቅሁ ቆየሁ፤ ቀጠሮው ይገፋል እንጂ አይደርስም። ፈቃድ ሳልይዝ ከአሜሪካ ከወጣሁ ማመልከቻዬን እንደተውኩት ነው የሚቆጠረው። ፈቃዱን ባገኝስ፣ የሸሸሁት ከዚያው ከአገሬ፤ ምን ብዬ እመለሳለሁ? እናቴን የቀበርኳት በስልክ ነው። እንዲህ ላለ ሰው ወደ አገር ቤት ለሚሄድ ሰው መስጠት ምን እንደሆነ የምታውቁት አልመሰለኝም። እኔ መሄድ ካልቻልኩ ብሬ ይሂድልኛ! ቁስል የሚጠርገው ጓንት ውስጥ የእኔም እጅ አለበት ማለት ነው። እኚያ እናት ይህን አስበው ይሁን ሌላ፣ እሳቸው ያውቃሉ። ግን ያን ፖስታ «አይ፣ ይቸገራሉ» ብላችሁ ብትመልሱት፣ በእኔ ቢሆን ሁለተኛ እዚያ ቤት አልረግጥም። የኪራይ ብር ነው ብላችሁ ፈራችሁ? ኪራይ የሚከፍል ሰው ኪራዩን ከናንተ በላይ ያውቃል። ባለ ሃያ ባለ ሃያ የሆነውም ከየሳምንቱ ደሞዝ ላይ እየተነሳ ስለተቀመጠ ነው፤ የድንገት አልነበረም ለማለት ነው፣ የታሰበበት ነው።

ኦርቶዶክስ ጎረቤት፦
በሰው ቤት ገብቼ እንዳይሆንብኝ እንጂ አንድ ነገር ልበል። እኛ ጋ ስእለቷን ይዛ የመጣችን ሴት «ከአቅምሽ በላይ ነው፣ መልሺው» የሚል ቄስ አላየሁም። ለእኔ ጥፋቱ መድረኩ ላይ ነው ያለው። ቀኝህ የምታደርገውን ግራህ አትወቅ የተባለው ለሰጪ ብቻ ነው እንዴ? ስማቸው ባይጠራም በዚያ ጉባኤ ውስጥ ማን እንደሆኑ ያላወቀ የለም። ነገ የሕንፃ ብር ሲጎድል ኮሚቴው የማንን በር እንደሚያንኳኳ ካሁኑ መገመት ይቻላል።

የአሌክሳንድሪያው፦
እዚህ ላይ እስማማለሁ። ምስክርነቱ ለጌታ ክብር ቢሆንም መጀመሪያ እሳቸውን ማስፈቀድ ነበረባት።

ጠያቂው፦
እህቴ፣ የጽዳቱን ሥራ የምትሠሪዋ፣ ያልሽው ገብቶኛል። መመለሱን ልተወው። ለአውሮፕላን ትኬት መዋሉን ግን አሁንም አልቀበልም። ትኬቱን ደህና የምናገኘው እናዋጣ፤ የእሳቸው ብር በሽተኛው ጋ ይድረስ። ዳዊትም ያደረገው እሱን አይደለም?

የሶዶው ልጅ፦
እዚሁ ሶዶ ሆኜ ነው የማነብባችሁ። ስለኛ እያወራችሁ እኛን የጠየቀ ስለሌለ ሳልጠየቅ ልመልስ። ጣሊያን ሚሲዮናውያኑን ከወላይታ ሲያስወጣ ትተውት የሄዱት ተጠማቂ መቶ አይሞላም ነበር። ጣሊያን ተሸንፎ ሲመለሱ ወደ አሥር ሺህ የሚጠጋ አማኝ ጠበቃቸው፤ በመሃሉ ያገለገሉት በእስርና በግርፋት ውስጥ ያለፉ ያገሬው ገበሬዎች ናቸው። እና ከውጭ ሰው ካልመጣ ሥራው ይቆማል ብላችሁ አታስቡ። ሐምሌ 2016 ብር በገበያ እንዲመራ ከተወሰነ ወዲህ ዶላሩ ከ57 ብር ተነስቶ በሳምንታት ውስጥ መቶን አልፏል። የአንድ ትኬት ዋጋ እዚህ ያለ ነርስ የስንት ወር ደሞዝ እንደሚሆን እናንተው አስሉት።

መምጣቷን ግን አልጠላም። ሶዶ ክርስቲያን ሆስፒታል የቀዶ ሕክምና ሐኪሞች የሚሠለጥኑበት ቤት ነው፤ የምታስተምረው ነገር ካላት እሰየው፣ ፎቶ ለመነሣት ከሆነ ግን ትቅር። በ900ው ዶላር ላይ ከተስማማችሁ፣ ኢትዮጵያ አየር መንገድ ሁለት ባለ 23 ኪሎ ሻንጣ ይፈቅድላታልና ያረጀ ልብስ አትጠቅጥቅበት። የስኳር መለኪያ ስትሪፕ ከነመሣሪያው ይሁን፤ ስትሪፕና መሣሪያው ካልተጣጣሙ ዋጋ የለውም። ጊዜው ሊያልፍ የደረሰ አትቀበል። መድኃኒት የምትይዝ ከሆነ ደግሞ ከምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ፈቃዱን ከመነሣቷ በፊት ታስጨርስ፤ አለበለዚያ ቦሌ ጉምሩክ ላይ ይቀራል።