ክርክር፦ ጥሬ ወተት በጄሪካን ወደ ድሬዳዋና ሐረር እንዳይገባ ይከልከል ወይ?

ጠያቂ፦ ከሽንሌም ከባቢሌም በኩል የሚመጣው የላምና የግመል ወተት በብዛት የዘይት ጄሪካን ውስጥ፣ ሳይቀዘቅዝ ነው ገበያ የሚደርሰው። ከውጭ ተቋማት ጋር በሚሠሩ የወተት ፕሮጀክቶች ዙሪያ «በኮዴክስ (በዓለም አቀፉ የምግብ ደረጃዎች) መሠረት ያልቀዘቀዘና በሙቀት ያልታከመ ወተት አይሸጥ» የሚል ሐሳብ ይነሣል። ትስማማላችሁ?

የእንስሳት ሐኪም፣ ሐረር፦ በሙሉ ልብ እስማማለሁ። ብሩሴሎሲስ (ከእንስሳት ወደ ሰው የሚተላለፍ የባክቴሪያ በሽታ) የያዛት ላም ወይም ግመል ጤነኛ መስላ ትታለባለች። ሰው ላይ ሲመጣ ትኩሳቱ ይመላለሳል፣ ሌሊት ያልባል፣ መገጣጠሚያ ይይዛል፤ ድሬዳዋ ላይ ወባ ወይም ታይፎይድ ነው ተብሎ በቀላሉ ይታለፋል። ሕክምናው ዶክሲሳይክሊንና ሪፋምፒሲን ለ6 ሳምንት ነው። ወተቱን 63 ዲግሪ ላይ ለ30 ደቂቃ ማቆየት ግን ተሕዋሱን ይገድላል። ለዚህ ቀጠሮ መስጠት አይገባም።

የወተት ባለሙያ፣ ሐረማያ፦ ወንድሜ፣ ስለ በሽታው ልክ ነህ። ነገር ግን ከድሬዳዋው ከፊራ ገበያ የተባረረው ወተት ሰፈር ለሰፈር ይሸጣል፣ ያኔ ተቆጣጣሪም አያገኘውም። ከክልከላው በፊት ዕቃው ይለወጥ። የጄሪካን አፉ ጠባብ ስለሆነ እጅ አይገባም፤ እጀታውም ውስጡ ክፍት ነው፣ እዚያ የቀረው ወተት የሚቀጥለውን ያበላሻል። ብዙዎች እጥበቱን በሙቅ ውኃ ይጀምራሉ፤ ፕሮቲኑ ግድግዳው ላይ ይጋገራል። መጀመሪያ ቀዝቃዛ ውኃ፣ ከዚያ ሙቅ ውኃና ሳሙና በብሩሽ፣ ማለቅለቅ፣ በመጨረሻ 5 በመቶ የሆነ በረኪና 4 ሚሊ ሊትር በ1 ሊትር ውኃ። ከዚያ ደፍቶ ማድረቅ ነው። በወይራ ማጠኑ መልካም ልማድ ነው፣ እጥበትን ግን አይተካም። ሰፊ አፍ ያለው የአሉሚኒየም ዕቃ ቢገባ ይህ ሁሉ ይቀላል።

ጠያቂ፦ ሙቀቱስ? ወተቱ ድሬዳዋ እስኪደርስ ይበላሻል እኮ።

የወተት ባለሙያ፣ ሐረማያ፦ ማቀዝቀዣ በሌለበት ኮዴክስ ራሱ በ1991 እ.ኤ.አ. ያወጣው፣ ወተት ውስጥ ባለው ላክቶፐሮክሲዴዝ በተባለ ኢንዛይም ወተቱን የማቆያ መመሪያ አለ። ከታለበ በ2 እስከ 3 ሰዓት ውስጥ ለ40 ሊትር ወተት 560 ሚሊ ግራም ሶዲየም ታዮሳይኔት ይጨመርና ይማሰላል፤ ቀጥሎ 1.2 ግራም ሶዲየም ፐርካርቦኔት ገብቶ ለ2 ወይም 3 ደቂቃ ይማሰላል። በ30 ዲግሪ ሙቀት ከ7 እስከ 8 ሰዓት ያቆያል። በማንኪያ ግምት ግን አይሆንም፣ ተመዝኖ የታሸገ ዱቄት መሆን አለበት።

የእንስሳት ሐኪም፣ ሐረር፦ እሱ ተሕዋስ እንዳይራባ ያዘገያል እንጂ የብሩሴሎሲስን ባክቴሪያ፣ ብሩሴላን፣ አያጠፋም። መመሪያው የተጻፈውም ለላምና ለጎሽ ወተት ነው፤ በእሱ የታከመ ወተት ደግሞ ወደ ሌላ አገር የሚሸጠው አገሮቹ እርስ በርስ ከተስማሙ ብቻ ነው። ጅቡቲ እንሸጣለን የሚል ሰው ይህን ይወቅ።

የላቦራቶሪ ባለሙያ፣ ድሬዳዋ፦ ሁለታችሁም ግመሏን ረሳችኋት። የላም ወተት በትክክል መሞቁ የሚፈተነው አልካላይን ፎስፋቴዝ የተባለው ኢንዛይም በሙቀቱ መጥፋቱን በማየት ነው፤ የግመሉ ኢንዛይም ሙቀት ይቋቋማል፣ ስለዚህ በሚገባ የሞቀ ወተት «አልሞቀም» ሊባል ይችላል። ለብሩሴላ የምንጠቀምበት የወተት ቀለበት ምርመራም በግመል ወተት አይሠራም፤ የስብ ቅንጣቶቹን ሰብስቦ ወደ ላይ የሚያወጣው ነገር ስለሌለው ቀለበቱ አይታይም። ደም ተወስዶ በሮዝ ቤንጋል መጀመር፣ ከዚያ በኤላይዛ ማረጋገጥ ይሻላል። የላምን ደረጃ ለግመል አልብሶ የሚመጣ ድጋፍ ሽንሌ ያለችውን ሻጭ ያለ ጥፋቷ ያስቀጣታል። ከውጭ ላቦራቶሪዎች ጋር ተባብረን መሥራት ያለብን እዚህ ላይ ነው፣ የግመል ወተት መፈተኛ ላይ።

የወተት ባለሙያ፣ ሐረማያ፦ እህቴ፣ ይህን ተቀብያለሁ። የላም ወተት ላይስ?

የላቦራቶሪ ባለሙያ፣ ድሬዳዋ፦ እዚያ ደግሞ ማሞቅ ብቻውን አያድንም። የሻገተ የኑግ ፋጉሎ የበላች ላም አፍላቶክሲን ኤም1 የተባለውን ከሻጋታ የሚመጣ መርዝ በወተቷ ታወጣለች፣ ብታፈሉትም አይጠፋም። የኮዴክስ ጣሪያ በኪሎ 0.5 ማይክሮግራም ነው። ፋጉሎው ከመሬት ከፍ ባለ እንጨት ላይ፣ ከግድግዳ ርቆ፣ ደርቆ ይቀመጥ። ኦክሲቴትራሳይክሊን (አንቲባዮቲክ) የተወጋች ላም ወተትም መለያው ላይ የተጻፈው የጥበቃ ቀን ሳያልፍ አይሸጥ፤ ማፍላት እሱንም አያወጣውም።

የእንስሳት ሐኪም፣ ሐረር፦ የተወጋችበትን ቀን ማን ይመዘግባል? መርፌው እንደሁ ከገበያ ተገዝቶ እቤት ይወጋል።

የላቦራቶሪ ባለሙያ፣ ድሬዳዋ፦ ወተት ሰብሳቢው፣ ከእያንዳንዷ ላም ስም ጎን። ይህ ያለ ፕሮጀክትም ነገ ሊጀመር ይችላል።