በሃሎዊን ምሽት ልጆችን ስለ ማውጣት

ጥያቄ (አዲስ ነዋሪ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ)፦
ሰላም ለሁላችሁም ይሁን። ዘንድሮ በዲቪ ሜሪላንድ የገባን ቤተሰብ ነን። የ8 ዓመቷ ልጄና የ4 ዓመቱ ወንድሟ በሃሎዊን፣ ማለትም ልጆች እንደ ገጸ ባሕርይ ለብሰው ቤት ለቤት እያንኳኩ ከረሜላ በሚለምኑበት በዓል፣ ኦክቶበር 31 ማታ ከጎረቤት ልጆች ጋር ከረሜላ ለመሰብሰብ ጓጉተዋል። ከረሜላው ውስጥ መርዝ ይጨመራል ሲባል ሰምቼ ፈርቻለሁ፤ ትንሹ ደግሞ የኦቾሎኒ አለርጂ አለበት። በዓሉ ለእኛ ይገባል አይገባም የሚለውን ከንስሐ አባቴ ጋር ስለምነጋገርበት፣ እባካችሁ ስለ ደኅንነታቸው ብቻ ምከሩኝ።

መልስ (የሦስት ልጆች አባት፣ አሌክሳንድሪያ)፦
እህቴ፣ ከመርዙ ይልቅ መኪናውን ይፍሩ። እዚህ አገር ሰዓት በአንድ ሰዓት ወደ ኋላ የሚመለሰው በኖቬምበር የመጀመሪያው እሑድ በመሆኑ፣ በሃሎዊን ዕለት በአካባቢያችን ፀሐይ የምትጠልቀው ከ6 ሰዓት፣ በእኛ አቆጣጠር ከ12፣ ጥቂት አለፍ ሲል ነው፤ ይህም ልጆች መንገዱን የሚሞሉበትና ሠራተኛው ከሥራ የሚመለስበት ሰዓት ነው። ልብሳቸው ላይ ብርሃን የሚያንጸባርቅ ቴፕ ይለጥፉ፣ የእጅ ባትሪም ያስይዟቸው፤ ከቆሙ መኪናዎች መካከል ሾልከው እንዳይወጡና መንገድ የሚሻገሩት መስቀለኛው ላይ ብቻ እንዲሆን አስቀድመው ይንገሯቸው። የ8 ዓመት ልጅ ያለ አዋቂ መሄድ የለባትም። የበረንዳው መብራት የጠፋ ቤት ከረሜላ አይሰጥም ማለት ስለሆነ አይንኳኳም፤ የበራበት ቤትም ቢሆን ከደጃፉ አይታለፍም።

መልስ (የሕፃናት ክፍል ነርስ)፦
ወንድማችን ያሉት ትክክል ነው። በ1974 እ.ኤ.አ. ቴክሳስ ውስጥ አንድ ልጅ ሳያናይድ የተባለ መርዝ በተጨመረበት ከረሜላ መሞቱ እውነት ነው፤ ገዳዩ ግን የኢንሹራንስ ገንዘብ የፈለገ የገዛ አባቱ ነበር። እኔን የሚያሳስበኝ ኦቾሎኒው ነው። ትንንሾቹ የቸኮሌት እሽጎች ምን እንደያዙ ላይጻፍባቸው፣ ቢጻፍም ከትልቁ እሽግ የተለየ ይዘት ሊኖራቸው ስለሚችል፣ ልጁ ቤት ገብቶ እርስዎ እስኪያዩለት ድረስ አንድም እንዳይቀምስ ያድርጉ፤ ያልተጻፈበትንም ያስወግዱ። ሐኪም ያዘዘለት የኤፒነፍሪን (ለከባድ አለርጂ የሚወጋ መድኃኒት) መርፌ ካለ ቤት አይተዉት። ደጃፉ ላይ ወደ አረንጓዴ የሚያደላ ሰማያዊ ዱባ ያስቀመጠ ቤት ከምግብ ውጭ የሆነ ስጦታ አለው ማለት ነው። ለ4 ዓመት ልጅ ደረቅ ከረሜላም ጉሮሮ ላይ ሊቀረቀር ስለሚችል አይሰጠውም።

መልስ (ነዋሪ፣ ታኮማ ፓርክ)፦
ሜሪላንድ ውስጥ ከጁላይ 2023 ጀምሮ ካናቢስ (ማሪዋና) ለአዋቂዎች በሕግ ተፈቅዷል። ሆን ብሎ ለልጅ የሚያድል ሰው ይኖራል ብዬ ሳይሆን፣ ካናቢስ ያለበት ጣፋጭ ከተራው ጋር ሊመሳሰል ስለሚችል እሽጉን ይመልከቱ። ልጁ የማይታወቅ ነገር ከበላ 1-800-222-1222 ይደውሉ፤ የመርዝ መረጃ ማዕከል ነው፣ ቀንም ሌሊትም በነፃ ያማክራል። ከደከመ ወይም መተንፈስ ካቃተው ግን በቀጥታ 911 ነው።

ጠያቂዋ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ልጄ የሐበሻ ቀሚስ ለብሳ፣ ነጠላ አጣፍታ እንደ ንግሥት ልትሄድ ትፈልጋለች፤ ችግር ይኖረው ይሆን?

መልስ (ነርሷ)፦
ነጭ መሆኑ በጨለማ እንድትታይ ይረዳታል። ይሁን እንጂ በየደጃፉ በተፈለፈሉት ዱባዎች ውስጥ እውነተኛ ሻማ ሊኖር ስለሚችል፣ ሳስ ያለው ነጠላ በቀላሉ እሳት ይይዛል፤ ነጠላውን ፎቶ ካነሷት በኋላ ቤት ያስቀምጡት። ቀሚሱም እንዳያደናቅፋት ከቁርጭምጭሚቷ በላይ ይጠፍ፣ ከውስጥ ሹራብ ትልበስ፤ ማታው ይበርዳል።