የልጆቿ ደም ለእናቴ አልሆን ብሎ የማናውቀው ሰው ደም ሆናት፣ እንዴት ነው ነገሩ?

የሆጤዋ፦
ሰላም ጀማዓ፣ ደሴ ያላችሁ በተለይ ላብ (ላብራቶሪ) ላይ የምትሰሩ እባካችሁ አንድ ነገር አስረዱኝ። እናቴ ቢ ፖዘቲቭ ናት፣ ሰባት ልጅ ወልዳለች፣ ድሮ በወሊድ ጊዜ ብዙ ደም ፈሷት ደም ተሰጥቷት ያውቃል። አሁን ደግሞ ለኦፕራሲዮን ስትገባ ደሟ ወርዷል ደም ያስፈልጋታል ተባለና ልጆቿ ከደሴም ከኮምቦልቻም ተጠራርተን መጣን። ግማሾቻችን ቢ ፖዘቲቭ ግማሾቻችን ኦ ፖዘቲቭ ነን፣ ሁላችንም እንሆናታለን ብለን እርግጠኛ ነበርን። ናሙና ተወስዶ ክሮስማች (የሰጪው ደም ከእሷ ደም ጋር መስማማቱ የሚታይበት ምርመራ) ሲሰራ ግን የአንዳችንም አልገጠመም!! ከደም ባንክ ከመጣውም ውስጥ ስንቱ ተሞክሮ በመጨረሻ የማናውቀው ሰው ደም ገጠማትና ተሰጣት፣ አልሀምዱሊላህ አሁን ደህና ናት።

እኔን ያስጨነቀኝ ሌላ ነው። ሊጠይቁን የመጡ ሰዎች «የሆድ ልጅ ደም እንዴት እንቢ ይላል» እያሉ መንሾካሾክ ጀመሩ፣ አንዷማ እናቴ እየሰማች «ልጆችሽ አይደሉም እንዴ» አለቻት። እናቴ ምንም አላለችም ግን ፊቷን ወደ ግድግዳው ነው ያዞረችው። ዶክተሩን ስንጠይቀው ሩጫ ላይ ስለነበር «አንቲቦዲ አላት» ብሎን አለፈ። ግሩፑ አንድ ከሆነ ምኑ ነው የማይገጥመው? ወደፊት እንደገና ደም ቢያስፈልጋትስ ምን እናድርግ?

የላብ ሰው፣ ቧንቧ ውሃ፦
አብሽሪ እህቴ፣ እናትሽን አላህ ያሽራቸው። መጀመሪያ ለነዛ ሴትዮ ንገሪልኝ፣ ብዙ የወለደች እናት የልጆቿ ደም አልገጥም ማለቱ ላብ ውስጥ ማንንም የማይገርም ነገር ነው፣ ምክንያቱን ልንገርሽ።

ኤ ቢ ኦን ካርል ላንድስታይነር በ1901 እ.ኤ.አ. ነው ያወጣው፣ አርኤች (ፖዘቲቭ ኔጋቲቭ የምንለው) ደግሞ በ1940 መጣ፣ ካርድ ላይ የምንጽፈው እነዚህን ሁለቱን ብቻ ነው። ዛሬ ግን የታወቁት የደም ግሩፕ ሲስተሞች ከ40 በላይ ናቸው፣ ቀይ የደም ሴል ላይ ያሉት አንቲጂኖች (የሴሉ መለያ ምልክቶች በይው) ደግሞ ከ300 በላይ። አርኤች ራሱ ፖዘቲቭ ኔጋቲቭ ብቻ አይደለም፣ ፖዘቲቭ ከሚያስብለው ከዲ አንቲጂን ሌላ ትልቁ ሲ ትንሹ ሲ ትልቁ ኢ ትንሹ ኢ አሉ፣ ከዛ ኬል አለ ኪድ አለ ደፊ አለ። ስለዚህ ሁለት ቢ ፖዘቲቭ ሰዎች በሌላው ሁሉ ሊለያዩ ይችላሉ።

አሁን ወደ እናትሽ ልምጣ። ልጅ ግማሹን ከአባቱ ነው የሚወርሰው፣ እናትየው የሌላትን የአባቱን አንቲጂን ይዞ ማህፀን ውስጥ ያድጋል፣ በተለይ በወሊድ ሰዓት የልጁ ደም በጥቂቱ ወደ እናቲቱ ይገባል። ሰውነቷ «ይሄ የኔ አይደለም» ብሎ እሱን የሚያጠቃ አንቲቦዲ የሚባል መከላከያ ይሰራል፣ ከሰራም በኋላ አይረሳውም። እና ያ አንቲቦዲ የተሰራው በማን ላይ ነው? ከአባታችሁ በወረሳችሁት ነገር ላይ! ስለዚህ ከሀገሩ ሰው ሁሉ ያንን አንቲጂን የመያዝ ዕድላችሁ ከፍ ያለው እናንተው ልጆቿ ናችሁ። አንዳችሁም ካልገጠማችሁ ምናልባት አባታችሁ አንቲጂኑን ከእናቱም ከአባቱም ወርሶታል፣ እንደዛ ከሆነ ለሁላችሁም ያወርሳል። ወይም አንቲቦዲው ከአንድ በላይ ይሆናል፣ ድሮ የወሰዱት ደምም ሊያመጣው ይችላል። ይሄን በትክክል የሚለየው የአንቲቦዲ ፓኔል ምርመራ ነው።

የሆጤዋ፦
ወላሂ ለእናቴ አነበብኩላት፣ እንባዋ መጣ። «ለካ እናንተን ወልጄ ነው» አለች። አላህ ይስጥህ ወንድሜ። ግን አንድ ነገር፣ ኮምቦልቻ የእናቴ ታናሽ እህት አለች፣ እሷ ትሻል ይሆን? ደግሞ አጎቴ «የዘመድ ደም ከሰው ደም ይሻላል» እያለ ሌላ ጊዜ ከዘመድ ውጭ እንዳንቀበል ይከራከራል።

ዘረመል ኮምቦልቻ፦
የእህትሽ ጥያቄ ጥሩ ነው፣ አክስትሽን ማለቴ። ወንድምና እህት ከአንድ አባትና እናት ስለሚወርሱ በአንድ የደም ግሩፕ ጂን ሁለቱንም ቅጂ አንድ አይነት የመውረስ ዕድላቸው አንድ አራተኛ ነው፣ ስለዚህ ብርቅ ደም ሲፈለግ መጀመሪያ እህትና ወንድም ይመረመራል። እ.ኤ.አ. በ2025 ዓለም አቀፉ የደም ማህበር 48ኛ ብሎ የተቀበለውን የደም ግሩፕ ሲስተም አይተሽው ከሆነ እንዲህ ያለ ብርቅ ደም ነው፣ የጓዴሎፕ ተወላጅ የሆነች ሴት በ2011 ፓሪስ ለኦፕራሲዮን ስትመረመር ማንም የማያውቀው አንቲቦዲ ተገኘባት፣ ጂኗ ከብዙ ዓመት በኋላ ተነቦ ነው ከሁለቱም ወላጆቿ እንደወረሰችው የታወቀው።

የአጎትሽን ነገር ግን አልስማማም፣ እዚህ ላይ ብዙ ሰው ስለሚሳሳት ረዘም አድርጌ ልጻፍ። ኤችኤልኤ የሚባሉ የመከላከያ ጂኖች አሉ፣ 6ኛው ክሮሞዞም ላይ ነው ያሉት፣ ሰውነታችን የራሱን ከባዳ የሚለየው በነሱ ነው፣ አይነታቸው ከ30 ሺህ በላይ ተመዝግቧል። የምንወስደው ደም ውስጥ ነጭ የደም ሴልም ይኖራል፣ የባዳ ሰው ከሆነ ሰውነታችን አውቆ ያጠፋዋል። የቅርብ ዘመድ ሲሆን ግን ኤችኤልኤው ስለሚመሳሰል ሰውነታችን ዘመድ ነው ብሎ ሊያልፈው ይችላል፣ ያ ሴል ግን እኛን ባዳ አድርጎ ቆዳን አንጀትን ጉበትን መቅኒን ያጠቃል። በጣም ብርቅ ነው፣ ከተከሰተ ግን አብዛኛውን ጊዜ አይተርፉበትም። ለዚህ ነው የቅርብ ዘመድ ደም ከመሰጠቱ በፊት በጨረር መታከም አለበት የሚባለው። ስለዚህ ዘመድ ሁሉ ይለግስ፣ ግን ለባንኩ ይለግስ፣ ባንኩ ለሚገጥመው ይስጠው። ባል ለሚስቱ መስጠትም ገና መውለድ ለሚያስቡ አይመከርም፣ የላብ ሰው ያለውን አንቲቦዲ ቀድሞ ሊያስነሳ ስለሚችል።

ሌላው የሚቆጨኝ ነገር የእኛ ሰው ጂን በጥናት ውስጥ ትንሽ መሆኑ ነው። አርኤች ኔጋቲቭን ውሰዱ፣ አውሮፓ ውስጥ አብዛኛው ኔጋቲቭ ሰው ጂኑ ጭራሽ የለውም፣ አፍሪካ ውስጥ ግን ጂኑ እያለ የማይሰራባቸው ብዙ ናቸው፣ መሀሉ ላይ 37 ፊደል ተደግሞ ተበላሽቶ። እና ለአውሮፓ ሰው ተብሎ የተሰራ የዲኤንኤ ምርመራ ጂኑን አየሁት ብሎ አንዷን ኔጋቲቭ እናት ፖዘቲቭ ሊላት ይችላል፣ ያቺ እናት በልጇ ደም ላይ አንቲቦዲ እንዳትሰራ የሚሰጣት የፀረ ዲ መርፌዋ ቀረባት ማለት ነው። ምዕራብ አፍሪካን ብቻ አይቶ መስራትም ለእኛ አይበቃም። እኛ ጋ ባቲ ሐርቡ ኮምቦልቻ ቆላው ላይ ቫይቫክስ ወባ የማያውቅ የለም፣ ቫይቫክስ ቀይ ሴል ውስጥ በዋናነት የሚገባው በደፊ አንቲጂን በኩል ነው፣ ምዕራብ አፍሪካ አብዛኛው ሰው ቀይ ሴሉ ላይ ደፊ ስለሌለው ቫይቫክስ እምብዛም አይታይም፣ ኢትዮጵያ ውስጥ ግን ያለውም የሌለውም ተደባልቆ ነው የሚኖረው። ደፊ የሌለው ሰው ደግሞ ኒውትሮፊል የሚባለው ነጭ ሴሉ ሳይታመም በተፈጥሮው ዝቅ ይላል፣ ይሄን የማያውቅ ሐኪም ኬሞ (የካንሰር መድኃኒት) ሊያዘገይበት ይችላል። አንዲት ትንሽ የጂን ለውጥ ወባንም ደም ልገሳንም የካንሰር ህክምናንም ትነካለች፣ ለዚህ ነው ወሎ ላይ ያለ ለጋሽ ኤ ቢ ኦ ብቻ ተጽፎለት እንዲቀር የማልፈልገው።

የመምህሩ ባለቤት፦
ኤችኤልኤ ስትሉ ነው የገባኝ! የእህቴ ልጅ የደም ካንሰር ይዟት ፕሌትሌት (ደም የሚያረጋው ሴል) ይሰጣታል ግን ቁጥሩ አይጨምርም ሲሉን ደሙ ተበላሽቶ ነው ብለን ነበር። ይሄ ይሆን?

የላብ ሰው፣ ቧንቧ ውሃ፦
እህቴ ሊሆን ይችላል፣ ፕሌትሌት ላይ ኤችኤልኤ ስላለ ደጋግሞ የወሰደ ወይም የወለደች ሰው አንቲቦዲ ካላት የተሰጣት ወዲያው ይጠፋል። ግን ትኩሳት፣ ኢንፌክሽን፣ የጣፊያ ማበጥም ተመሳሳይ ነገር ያደርጋሉ፣ በተሰጣት በሰዓት ውስጥ ቆጠራ እንዲደገምላት ሐኪሟን ጠይቁ፣ ብዙ ነገር ይለያል።

ለሆጤዋ፣ ወደፊት ላልሽው። የአንቲቦዲውን ስም አጽፉ፣ እዚያ ፓኔል ከሌለ ናሙናው ወደሚሰራበት እንዲላክ ጠይቁ። ወረቀቱ ከእናትሽ አይለይ፣ ሪፈር ቢባሉም ሌላ ከተማ ቢታመሙም ይዘውት ይሂዱ። በተለይ የኪድ አንቲቦዲ ከሆነ አደራ፣ እሱ ከጊዜ በኋላ ከደም ውስጥ እየቀነሰ ምርመራ ላይ ላይታይ ይችላል፣ ከዛ «ንጹህ ነው» ተብሎ ደም ሲሰጥ በቀናት ውስጥ ተነስቶ የተሰጠውን ያፈርሰዋል፣ አይን ቢጫ ይሆናል ሽንት ይጠቁራል ደሙ መልሶ ይወርዳል። ያኔ የሚያድናቸው ያ የድሮ ወረቀት ነው። ቀጠሮ ያለው ኦፕራሲዮን ከሆነ ደግሞ ለባንኩ ቀደም ብሎ ይነገር፣ መፈለጊያ ጊዜ ይስጣቸው፣ የክሮስማቹ ናሙና ግን ትኩስ ይሁን፣ በቅርብ ወራት ደም ለወሰደ ሰው ከሶስት ቀን ያለፈ ናሙና አይሆንም።

የሆጤዋ፦
ነገ ጠዋት ላብ ሄጄ አጽፋለሁ። አክስቴንም ደውዬላታለሁ፣ ለባንኩ ልትለግስ እሺ ብላለች፣ አጎቴም ይህን አንብቦ ከሷ ጋር እመጣለሁ ብሏል።