ምክንያቱ ላልታወቀ መካንነት የትኛው እንቁላል አነቃቂ መድኃኒት ይሻላል? ለድሬዳዋ ጥንዶች የቀረበ ጥቆማ

የባልየው የዘር ፈሳሽ፣ የሚስትየዋ የማህፀን ቱቦዎችና የእንቁላል አወጣጥ ተመርምረው ሁሉም ደህና ነው ተብሎ፣ ከዓመት በላይ ልጅ ያልመጣላቸው የድሬዳዋ ጥንዶች ደጋግመው የሚጠይቁት «ክሎሚፌን ይሻላል ወይስ ሌትሮዞል?» የሚለውን ነው። በእኔ አስተያየት ከዚያ አስቀድሞ መጣራት ያለበት ክኒኑ ከምን ጋር እንደሚሰጥ ነው።

ክሎሚፌን አንጎል የኢስትሮጅን መጠን ያነሰ መስሎት እንቁላል የሚያሳድገውን ሆርሞን እንዲጨምር ያደርጋል፤ አብዛኛውን ጊዜ የወር አበባ ከመጣ በሁለተኛውና በአምስተኛው ቀን መካከል ተጀምሮ ለ5 ቀናት ይወሰዳል። ሌትሮዞል ለጡት ካንሰር የተሠራ መድኃኒት ሲሆን፣ የኢስትሮጅንን ምርት ለጊዜው በመቀነስ ወደዚያው ውጤት ያደርሳል። ሦስተኛው አማራጭ ጎናዶትሮፒን የሚባለው መርፌ ነው፤ እንቁላል አሳዳጊውን ሆርሞን በቀጥታ ስለሚሰጥ ኃይለኛ ነው፣ ዋጋውም ከክኒኖቹ እጅግ ይበልጣል።

ክኒን ገዝቶ ያለ ክትትል ቤት መዋጥን አልመክርም። እ.ኤ.አ. በ2008 በታተመውና 580 ሴቶችን ባሳተፈው የስኮትላንድ ጥናት፣ ክሎሚፌን ብቻ ከወሰዱት 14 ከመቶ፣ ያለ ሕክምና ከጠበቁት ደግሞ 17 ከመቶ ያህሉ ወልደዋል። መድኃኒቱ ዋጋ የሚኖረው የታጠበ የዘር ፈሳሽ በቀጭን ቱቦ ወደ ማህፀን ከሚገባበት ሕክምና፣ ማለትም ከአይ ዩ አይ ጋር ሲጣመር ነው።

ሦስቱን በዚህ መንገድ ያወዳደረ፣ 900 ጥንዶች የተሳተፉበት የአሜሪካ ጥናት እ.ኤ.አ. በ2015 ታትሟል። እስከ አራት ዙር ታክመው ልጅ ያገኙት በመርፌው 32፣ በክሎሚፌን 23፣ በሌትሮዞል 19 ከመቶ ገደማ ነበሩ። ይሁን እንጂ በመርፌው ከተገኙት እርግዝናዎች ሲሶ ያህሉ መንታ ወይም ሦስት ልጆች ሲሆኑ፣ የሦስት ልጆች እርግዝና የታየው በመርፌው ብቻ ነው። እንዲህ ያሉ፣ ብዙ ጊዜ ያለጊዜው የሚወለዱ ሕፃናትን ማሳደግ ምን ያህል ከባድ እንደሆነ ለሚያውቅ ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ስለዚህ ምርጫዬ ክሎሚፌን ከአይ ዩ አይ ጋር ነው፤ ዓይን የሚያደበዝዝ ከሆነ ግን ወዲያው ቆሞ ሐኪም መታየት አለበት። «ሌትሮዞል ይበልጣል» የሚለው ወሬ የመጣው የእንቁላል ማምረቻቸው ብዙ ትናንሽ ከረጢቶች ካሉበትና እንቁላል በወቅቱ በማያወጡ ሴቶች ላይ ከታየው ውጤት ነው፤ ለእነርሱ እውነት ነው፣ ለእናንተ ግን አይሠራም። ሚስትየዋ ወደ አርባዎቹ የተጠጋች ከሆነ ደግሞ ብዙ ዙር ሳይባክን እንቁላልና ዘር ከማህፀን ውጭ ተገናኝተው ጽንሱ ወደ ማህፀን ስለሚገባበት ሕክምና፣ ማለትም ስለ አይ ቪ ኤፍ መነጋገር ይሻላል።

የመጀመሪያውን ምርመራ ድሬዳዋ በድል ጮራ ወይም ሐረር በሕይወት ፋና ሆስፒታል፣ የማህፀንና ጽንስ ሐኪም ዘንድ መጀመር ይቻላል። ባሎች፣ እባካችሁ አብራችሁ ሂዱ፤ የእናንተ ምርመራ ከሁሉም ቀላልና ርካሹ ነው። ከዚያ ለተሻገረ ሕክምና አዲስ አበባ በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሥር እ.ኤ.አ. በ2019 የተከፈተ የመንግሥት ማዕከል አለ። ሕክምናው ከወር አበባው መጀመሪያ አንሥቶ ሁለት ሳምንት ያህል በአልትራሳውንድ መታየትን ስለሚጠይቅ፣ ትኬት ከመቁረጣችሁ በፊት ክትትሉ ድሬዳዋ ተደርጎ ውጤቱ ሊላክ ይችል እንደሆነ ሐኪሙን ጠይቁ።

መርፌ የታዘዘላቸው ጥንዶች ሙቀቱን ያስቡበት። ብዙዎቹ ዓይነቶች ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ውስጥ መቀመጥ ስላለባቸው፣ ከአዲስ አበባ ሲመጡ በማቀዝቀዣ ሳጥን፣ በረዶው በቀጥታ ሳይነካቸው መያዝ አለባቸው፤ የሚፈለገው እንዲቀዘቅዝ እንጂ በረዶ እንዲሆን ስላልሆነ፣ ፍሪዘር ውስጥ ማስገባትም መድኃኒቱን ያበላሸዋል።